ለኤመሪቪሏ አስተናጋጃችን፦ ከነቤተሰቤ አመሰግናለሁ

ይህን የምጽፈው አንዲት አስተናጋጅን በአደባባይ ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም የምትሠራበትን ቤት ለወገኖቼ ልጠቁም።

ቤቱ ትሬደር ቪክስ ይባላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኦክላንድ አጠገብ ባለችው በኤመሪቪል፣ የጀልባ ማቆሚያው ዳር ነው ያለው። ኦክላንድና በርክሌይ ለምንኖር አበሾች ቅርባችን ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከቴሌግራፍ ጎዳና በመኪና ምንም አይርቅም። ግን ብዙዎቻችን በሩን ረግጠነው አናውቅም። "የፈረንጅ መጠጥ ቤት ነው፣ ለቤተሰብ አይሆንም" ሲባል ሰምተን እናልፈዋለን። እኔ የምለው ግን ለቤተሰብ ይሆናል። ያውም አያት፣ ጿሚና ሕፃን አንድ ላይ ለያዘ ቤተሰብ።

የአስተናጋጇን ስም እዚህ አልጽፍም። ሳላስፈቅዳት ስሟን መለጠፍ ደግ አይመስለኝም። ለሥራ አስኪያጁ ግን ስሟን ጠቅሼ ደብዳቤ ልኬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከባሕር ዳር ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ወንድሜም ከነባለቤቱና ከነልጆቹ ከሳክራሜንቶ መጣ። ሁላችንም አንድ ማዕድ ላይ ልንቀመጥ አሰብን። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነው። የጾም ምግብ ከሆነ የእኛ ምግብ ቤቶች አሉ፤ በያይነቱ የትም አለ። እማዬ ግን "የእኛን ምግብማ አገሬም እበላዋለሁ፤ ውሃ ያለበት ውሰዱኝ" አለች። ጣና ዳር ያደገች ሰው ናት። ውሃ ካላየች አገር ያየች አይመስላትም።

ችግሩ ሌላ ነው። እማዬና እኔ እንጾማለን። የወንድሜ ባለቤት አሜሪካዊት ናት፤ እሷና ልጆቹ ይፈስካሉ። ወንድሜ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ልጆቹ አፍ እንዲገባ አይፈልግም። በዚያ ላይ ትንሿ ልጁ የአልሞንድና የመሰሎቹ አለርጂ አለባት። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ይዞ ምግብ ቤት መግባት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። አስተናጋጁ ፊቱን ያጠቁርብሃል። "ቬጋን ነው" ብሎ በቅቤ የተጠበሰ ያመጣልሃል። ስሙን በማልጠራው በአንድ ሌላ ቤትማ "ምንም የለበትም፣ አትስጉ" ተብለን፣ ልጅቷ ከንፈሯ አብጦ ሌሊቱን ሐኪም ቤት ነው ያደርነው።

ስለ አስተናጋጇ ከማውራቴ በፊት ስለ ቤቱ ትንሽ ልበል። ቤቱ ራሱ ይወደዳል።

ስትገቡ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው። ዓይናችሁ እስኪለምድ ቆም ትላላችሁ። ከዚያ አንድ በአንድ መታየት ይጀምራል። ከእንጨት የተጠረቡ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ ምስሎች አሉ። ቲኪ ይሏቸዋል። ግድግዳው ቀርከሃና የተጠለፈ ሰሌን ነው። ከጣሪያው ታንኳ ተንጠልጥሏል። በዓሣ መረብ የታሰሩ የመስታወት ኳሶች ውስጣቸው መብራት ተደርጎ አረንጓዴና ሰማያዊ ያበራሉ። የመርከብ ሆድ ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። በመስኮቱ በኩል ደግሞ እውነተኛው ውሃ አለ፤ ጀልባዎቹ እዚያው እደጁ ላይ ታስረው ይወዛወዛሉ። ጉም ካልወረደ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሳን ፍራንሲስኮ ትታያለች።

ልጆቹ በኳሶቹ ተማረኩ። ጌጥ ብቻ አይደሉም። የጃፓን ዓሣ አጥማጆች መረባቸው እንዳይሰምጥ ያስሩባቸው የነበሩ ተንሳፋፊዎች ናቸው። ውስጣቸው አየር ነው። ገመዳቸው ሲበጠስ ማዕበል ይዟቸው ይሄዳል። ሰላማዊ ውቅያኖስን አቋርጠው የኦሪገንና የዋሽንግተን ጠረፍ ላይ የሚወድቁ ነበሩ። ዛሬ ላስቲክ ተክቷቸዋል። ለዚህ ነው ሰው አሮጌዎቹን እንደ ዕቃ የሚሰበስባቸው። ይህን ለወንድሜ ልጆች ያስረዳቻቸው ያቺው አስተናጋጅ ናት። ትልቁ ልጅ ከዚያ በኋላ ስልኩን አልነካም።

የቤቱ ታሪክ ደግሞ እኛው ሰፈር ነው የሚጀምረው። ቪክተር በርጀሮን የሚባል በ1902 ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደ ሰው ነበር። በልጅነቱ በበሽታ አንድ እግሩን አጥቷል። በ1934 አሜሪካ ውስጥ የመጠጥ ክልከላው በተነሳ በማግስቱ ማለት ይቻላል፣ ኦክላንድ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ፣ 65ኛው መንገድ ጥግ፣ ከአባቱ ሱቅ ፊት ለፊት ትንሽ ቤት ከፈተ። ስሟ ሂንኪ ዲንክስ ነበር። መጀመሪያ የአዳኝ ጎጆ ነበር የምትመስለው፤ ግድግዳዋ ላይ የአጋዘን ቀንድ ተሰቅሎባት። በኋላ ሆሊውድ ውስጥ ዶን ዘ ቢችኮምበር የሚባለውን የደሴት ስሜት ያለው ቤት አየና የራሱንም ቀየረ። ቀርከሃውና መረቡ ያኔ መጣ፤ ስሟም ትሬደር ቪክስ ሆነ። ዛሬ በዚያው በሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ስንቶቻችን በዚያ ጥግ በየቀኑ እናልፋለን።

የዓለምን ባር ሁሉ ያዳረሰው ማይ ታይ የተባለው መጠጥ በ1944 የተቀመመው እዚያው ኦክላንድ ነው፤ በርጀሮን የእኔ ነው ይል ነበር። ቤቱ እያደገ ሄዶ በየአገሩ ቅርንጫፍ አወጣ። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1983 ካሊፎርኒያ በመጡ ጊዜ የሳን ፍራንሲስኮው ቅርንጫፍ እራት በልተዋል። ዱባይና አቡ ዳቢ ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ ስሙን ሆቴል ላይ አይታችሁት ይሆናል። ኤመሪቪል ያለው ቤት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው የተከፈተው። የኦክላንዱ ወደዚያ ተዛወረ ማለት ነው። በርጀሮን በ1984 አረፈ።

አሁን ወደ አስተናጋጇ።

ገና ሳንቀመጥ እማዬን አየቻት። እማዬ ነጠላዋን እንዳጣፋች ነው የገባችው። ሴትዮዋ ከወንበሩ ትራስ ያለውን መርጣ፣ ፊቱን ወደ ውሃው አዙራ፣ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። ማንም አልነገራትም። እማዬ እጇን መታጠብ ስትፈልግም መንገዱን በጣቷ ጠቁማ አልቀረችም። ክንዷን ይዛ ወሰደቻት፣ ጠብቃም መለሰቻት። "ተባረኪ ልጄ" አለቻት እማዬ በአማርኛ። ምርቃት አስተርጓሚ አይፈልግም መሰለኝ፤ ሴትዮዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች።

ከዚያ የምግብ ዝርዝሩን ሳትሰጠን በፊት ጠየቀች። "የማይስማማው ነገር ያለ ሰው አለ?" ስለ ትንሿ ልጅ ነገርናት። ወዲያው ልጆቹ በሥዕሉ አይተው የተመኙትን፣ ትንሽ ጃንጥላ የተሰካበትን የፍራፍሬ መጠጥ በጣቷ ሸፈነችው። "ይህን አታዙላት" አለች። "ኦርዣ የሚባል ሽሮፕ አለበት። የሚሠራው ከአልሞንድ ነው።"

የወንድሜ ባለቤት ፊቷ ተለወጠ። ማን ይገምታል? የብርቱካንና የአናናስ ጭማቂ ነው ብለህ ለልጅ የምትሰጠው ነገር ነው። ይሄ ሽሮፕ ለማይ ታይ ነፍሱ ነው። አልኮል በሌላቸው መጠጦችም ይገባል። ሴትዮዋ ግን እሱን ተናግራ ብቻ አልተወችም። ባሩ ጋ ሄደች። መበጥበጫው ሌላ መጠጥ የነካው እንዳይሆን በሳሙና እንዲታጠብ አደረገች። ቆማም አየች፤ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። አናናስና ሎሚ ብቻ ያለበት መጠጥ ይዛ መጣች። ጃንጥላዋንም አልረሳችም። የምግቡ ተራ ሲደርስ ደግሞ ማካዴሚያና ካሽው የሚባሉት ፍሬዎች ያሉባቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ነግራ ከለየችልን በኋላ ነው ትእዛዝ የተቀበለችው።

ቀጥሎ የጾሙ ጉዳይ መጣ። እኔ እንደለመድኩት "ቬጋን" ብዬ ላሳጥረው ነበር። እሷ ግን አላሳጠረችውም። "የሃይማኖት ጾም ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "እንግዲያው በደንብ ንገሪኝ" ብላ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ዓሣም እማዬ በፍልሰታ አትነካም። ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን እሷ ትጠይቀኝ ጀመር። ከባሕር ዛጎል እንስሳ የሚሠራው የኦይስተር መረቅስ? የዶሮ ሾርባስ? ሽሪምፕ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ነገርስ?

ይህን የጠየቀችው በምክንያት ነው። የዚህ ቤት ምግብ ስሙ የደሴት ይሁን እንጂ እጁ በአብዛኛው የቻይና ነው። አትክልቱ በዎክ፣ ማለት በዚያ ጎድጓዳ ብረት ምጣድ፣ ነው የሚሠራው። እንዲህ ባለው አሠራር "አትክልት ብቻ" የሚመስለው ሳህን ላይ የኦይስተር መረቅ ጠብ ይልበታል። ሩዙ ውስጥ እንቁላል ይገባል። ኑድሉ በዶሮ ሾርባ ይለሰልሳል። ጿሚ ሰው ሳያውቅ ይበላዋል። አብዛኛው አስተናጋጅም ኩሽና ገብቶ አይጠይቅልህም።

እሷ ገባች። ቆይታ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። ከእያንዳንዱ ምግብ ጎን ምልክት ተደርጓል። ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም፣ ይሄ ደግሞ መረቁ ከተቀየረ ይሆናል። ወጥ ሠሪው ዎኩን አጥቦ፣ በንጹሕ ዘይት፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በአኩሪ አተር መረቅ አድርጎ አትክልትና እንጉዳይ ሊሠራልን ተስማምቷል። ሩዙ በውሃ ብቻ የተቀቀለው ነጩ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ትኩስና ጥርት ያለ ሆኖ መጣ። እማዬ ቃሪያ ጠየቀች። ቆርጠው በትንሽ ሳህን አመጡላት። እናቴ ሰው ቤት ስትበላ ቀመስ አድርጋ ነው የምትተወው። ያን ቀን ሳህኑን ጨረሰችው።

ለሚፈስኩት ደግሞ የቤቱ ቅምሻ ሳህን አለ። ለብዙ ሰው ነው የሚመጣው፣ እንደ እኛ ትሪ ከመሃል ይቀመጣል። በተለመደው ላይ የአሳማ ጎድንና የአሳማ ሥጋ አለበት። ሴትዮዋ የወንድሜን ነገር ስትሰማ እሱን ትታ ቢፍ ቾ ቾ የሚሉትን አመጣች። በቀጭኑ ተቆርጦ እንጨት ላይ የተሰካ የበሬ ሥጋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ እሳት ይመጣል፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ለብለብ አድርጎ ይበላል። ልጆቹ እሳቱን ሲያዩ ጮኹ። እሷም በእጃቸው ይዛ እንዴት እንደሚያገላብጡት አሳየቻቸው።

ከሁሉ ልቤን የነካው ይሄ ነው። ምግቡ ሲቀርብ የጾሙን በእማዬ በኩል፣ የፍስኩን በልጆቹ በኩል ለየችው። ለእያንዳንዱ ሳህን የራሱን ማንኪያ አደረገች። ልጆቹንም "ይህ ማንኪያ የአያታችሁ ነው፣ ወደዚህ አይሻገርም" አለቻቸው። እኛ ሳንጠይቃት ነው። አንድ ማዕድ ላይ ሆነን የማንም ነገር ከማንም ሳይነካካ በላን። ይህን በገዛ ቤታችን እንኳ ሁልጊዜ አናደርገውም።

ሲጠግቡ ጨዋታ መጣ። እማዬ ቀና ብላ ታንኳውን ስታይ ቆየችና "ይሄ ታንኳ ምን ሆኖ ነው በጎኑ እንጨት የተለጠፈበት?" አለች። ተረጎምኩላት። አስተናጋጇ ከወንበሯ አጠገብ በርከክ ብላ አስረዳቻት። ያ የጎን እንጨት ታንኳው በውቅያኖስ ማዕበል እንዳይገለበጥ የሚያደርገው ነው። እማዬ ደግሞ በተራዋ የጣናን ነገረቻት። የእኛ ታንኳ ከደንገል እንደሚታሰር፣ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንደሚደርቅ፣ ወንዶቹ ቆመው በረጅም እንጨት እየገፉ ከደሴት ደሴት እንዴት እንደሚሻገሩ። ሴትዮዋ ሥራ አለብኝ አላለችም። አዳመጠች፣ ጠየቀች፣ መልሳ ጠየቀች።

ስለ ታንኳው አንድ ነገር ልጨምር፤ ነገሩ ያስደንቀኛል። የፖሊኔዥያ፣ ማለት የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ ሰዎች ኮምፓስ ሳይኖራቸው ኮከብን፣ የማዕበሉን አቅጣጫና የወፎችን በረራ እያዩ ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጠው ሃዋይን፣ ኒውዚላንድንና ራፓ ኑይን (ኢስተር ደሴትን) ያቀኑ ናቸው። "በአጋጣሚ ተንሳፍፈው ደረሱ" የሚሉ ነበሩ። በ1976 ሆኩሌአ የተባለች በጥንቱ ታንኳ ቅርጽ የተሠራች ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ያለ ምንም መሣሪያ ከሃዋይ ታሂቲ ደረሰች። መንገዱን የመራው ከማይክሮኔዥያ የመጣው ማው ፒያሉግ ነው። ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ በኮከብና በማዕበል።

ይህን የምለው ቤቱ የሚያሳየው ፖሊኔዥያ እውነተኛው ነው ለማለት አይደለም። አንድ የኦክላንድ ሰው ያለመው ፖሊኔዥያ ነው። ክራብ ራንጉን የሚሉት፣ ክሬም ቺዝ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጠበሰው ታዋቂ ምግባቸው የየትኛውም ደሴት ምግብ አይደለም። እነዚያ የእንጨት ምስሎችም ለባለቤቶቹ ጌጥ ብቻ አይደሉም። የአማልክትና የአባቶች ምስል የሆኑ አሉባቸው፤ ባር ላይ ማየት የሚከፋው ሰው አለ። እኔ ታቦታችን የሚመስል ነገር መጠጥ ቤት ተሰቅሎ ባይ አልወድም፤ ስለዚህ ይገባኛል። ከፖሊኔዥያ የመጡት ቶንጋዎችና ሳሞአዎች እዚሁ አካባቢ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ልጆቻችሁን ስትወስዱ ይህንንም ንገሯቸው። ቤቱን ለመውደድ አያግድም።

መሄድ ለምትፈልጉ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። የእራት ቤት ነው፤ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ሰዓቱንም አረጋግጡ። ጾምም አለርጂም ካለባችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ፣ ስትቀመጡም ድገሙት። መስኮት አጠገብ ጠይቁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሱ። በአሜሪካው በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴም ቢሆን፣ ምሽት ላይ ከውሃው ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል፤ ለአረጋውያን ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ። ልጆች ካሉ ከመስታወት ጀርባ ያሉትን ትልልቅ የቻይና ምድጃዎች አሳዩአቸው። በእንጨት ነው የሚነዱት፣ ሥጋው ውስጡ ተንጠልጥሎ በጭስ ይበስላል። ማይ ታይ ለምትጠጡ፣ ሲቀምሱት ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ብርቱ ሩም ነው። የሚነዳው ሰው አይንካው።

ዋጋው ርካሽ ነው አልልም። ለየቀኑ የሚሆን ቤት አይደለም። ለልደት፣ ለምርቃት፣ ከአገር ቤት እናት አባት ሲመጡ ግን ገንዘቡ አይቆጭም። ሰው ሰብሰብ ብሎ አዋጥቶ ቢሄድ ደግሞ ይቀላል፤ ምግቡ ለመካፈል የተሠራ ነው።

ለአስተናጋጇ፦ እህቴ፣ የወንድሜ ባለቤት ከዚያ ሌሊት ወዲህ ልጇን ይዛ ምግብ ቤት መግባት ትታ ነበር። በአንቺ ምክንያት እንደገና ጀምራለች። እናቴ ባሕር ዳር ተመልሳ ለጎረቤቱ ሁሉ የምታወራው ስለ ድልድዩም ስለ ፎቁም አይደለም፤ ስለ አንቺ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን።

እናንተም ሄዳችሁ በደንብ ካስተናገደቻችሁ ቲፑን በልኩ አድርጉ። ሥራ አስኪያጁንም ጠርታችሁ "ይህች ሴት ጎበዝ ናት" በሉልኝ። ቅሬታ ሲኖረን ለመጻፍ ማንም አይቀድመንም፤ ለእንዲህ ያለችዋም ሁለት መስመር እንጻፍላት።